ቀመርን በስላይድ ማስረዳት፦ ላቴክ፣ ቢመር እና የግዕዝ ፊደል

የሒሳብ ወይም የምህንድስና ጥናት በአዳራሽ ሲቀርብ አድማጩን የሚያስቸግረው የነገሩ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ቀመሩ በዓይን የሚነበብ፣ ምክንያቱ ግን በጆሮ የሚሰማ በመሆኑ ግድግዳው ላይ ያረፈውን ምልክት ሲከታተል የተናጋሪው ቃል ያመልጠዋል፣ ቃሉን ሲከተል ደግሞ ምልክቱ ይጠፋበታል። ጥቁር ሰሌዳ ይህን ችግር በራሱ መንገድ ፈትቶት ኖሯል፤ መምህሩ በጠመኔ እየጻፈ ስለሚናገር እጁ ከአፉ ብዙ አይቀድምም፣ ተማሪውም እያንዳንዱ መስመር ከቀደመው መስመር እንዴት እንደወጣ እያየ ይሄዳል። ፕሮጀክተር ሰሌዳውን ሲተካ ግን አሥር መስመር ስሌት በአንድ ቅጽበት ግድግዳው ላይ መውደቅ ጀመረ፤ ተናጋሪው ገና የመጀመሪያውን መስመር ሲያስረዳ አድማጩ መደምደሚያውን አይቶ፣ መንገዱን ግን ሳያይ ይቀራል። ላቴክ የተባለው የሒሳብ ጽሑፍ ማሰናጃ ሶፍትዌር እና በእሱ ላይ የተሠራው ቢመር የተባለው የስላይድ መሣሪያ ትልቁ ጥቅማቸው ይህን የሰሌዳ ሥርዓት ለስላይድ መመለሳቸው ነው።

ጉዳዩ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ነዋሪ ሩቅ አይደለም። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ደራ፣ የዶዶታ ወረዳ ዋና ከተማ፣ በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ያለች ናት፤ በአንድ በኩል እ.ኤ.አ. በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተቋቋመው፣ በ2006 ዩኒቨርሲቲ የሆነውና ከ2011 ጀምሮ አሁን በሚጠራበት ስም የሚታወቀው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ በሌላው በኩል ደግሞ መቀመጫው አሰላ የሆነው አርሲ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በእንደነዚህ ያሉ ተቋማት የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ጥናቱን በፈታኞች ፊት ቆሞ ማስረዳት፣ በተለምዶ ዲፌንስ የሚባለውን ማለፍ ግዴታው ስለሆነ፣ የዓመታት ድካሙ የሚመዘነው በጥቂት ደርዘን ስላይዶች ላይ ተደግፎ በሚያደርገው አጭር ገለጻ ነው።

የሶፍትዌሩ ታሪክ የሚነሳው ከማተሚያ ቤት ነው። በእርሳስ ፊደል ይታተም በነበረበት ዘመን ከፊደል ለቀማ ሥራ ሁሉ የከበደው የሒሳብ ገጽ ነበር፤ ክፍልፋዩ ላዕልና ታህት ስላለው በአንድ መስመር አይሰደርም፣ ከመስመር በላይና በታች የሚሰካ ደቃቅ ፊደል ይፈልጋል፣ የሥር ምልክቱም እንደ ይዘቱ መርዘም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማተሚያ ቤቶች የእርሳስ ፊደልን ትተው ወደ ፎቶ ለቀማ ሲሸጋገሩ የዚህ ሙያ ጥንቃቄ በብዛት ጠፋ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ክኑት በ1977 የታላቁ የኮምፒዩተር ሳይንስ መጽሐፋቸው የሁለተኛ ቅጽ አዲስ እትም የሙከራ ገጾች ደርሰዋቸው ሲያዩ፣ በቀድሞው እትም የነበረው የፊደል ውበት ስላልነበረ አዝነው መጽሐፉን ከማሳተም ይልቅ መጀመሪያ ገጹን የሚያሰናዳውን ፕሮግራም ራሳቸው ለመጻፍ ወሰኑ። በአጭር ጊዜ ይጠናቀቃል ብለው የጀመሩት ሥራ ከ10 ዓመት በላይ ወስዶባቸዋል፤ ውጤቱም ቴክ የተባለው፣ ለማንም በነፃ የተሰጠው ሶፍትዌር ነው። ክኑት ፕሮግራሙ እየታረመ በሄደ ቁጥር የእትም ቁጥሩ ወደ ፓይ እንዲጠጋ አድርገዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ያለው እትም 3.141592653 ይባላል። አዲስ ነገር ከመጨመር ይልቅ ያለውን እንከን አልባ ማድረግን የመረጠ ሰው የሠራው በመሆኑ በ1980ዎቹ የተጻፈ የቴክ ሰነድ ዛሬም ያው ገጽ ሆኖ ይወጣል፤ ይህ በሶፍትዌር ዓለም እጅግ ብርቅ ነው።

ቴክ ግን ለጀማሪ የሚገራ አልነበረም። ሌስሊ ላምፖርት የተባሉት ሌላ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቴክ ላይ የተመሠረተ ቀለል ያለ የትእዛዝ ስብስብ ሠርተው ላቴክ አሉት። የላቴክ መሠረተ ሐሳብ ጸሐፊው ስለ ይዘቱ ብቻ እንዲያስብ፣ ስለ መልኩ ደግሞ አስቀድሞ የተሰናዳ ደንብ እንዲወስን ማድረግ ነው፤ ጸሐፊው «ይህ ርዕስ ነው»፣ «ይህ ማረጋገጫ ነው»፣ «ይህ ቀመር ነው» ብሎ በትእዛዝ ያመለክታል እንጂ ርዕሱ ስንት ነጥብ እንደሚጎላ ወይም ቀመሩ ከግራ ጠርዝ ምን ያህል እንደሚርቅ በአይጥ እየጎተተ አይለካም። ክፍልፋይ ሲፈልግ ፍራክ የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ ላዕሉንና ታህቱን በተራ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ያስገባል፤ ሰረዙን ማስመርና ቁጥሮቹን መሐል ላይ ማስቀመጥ የሶፍትዌሩ ፋንታ ነው። ጽሑፉ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ በማንኛውም ኮምፒዩተር፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን፣ ተከፍቶ ይነበባል።

ላምፖርት ራሳቸው ለስላይድ የሚሆን ስላይቴክ የሚባል ተጓዳኝ ፕሮግራም አዘጋጅተው የነበረ ቢሆንም በዘመኑ ስላይድ ማለት ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ የታተመ ገጽ ነበርና አጠቃቀሙም በዚያው ተወሰነ። የዛሬው ቢመር የተወለደው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 ቲል ታንታው የተባሉ ጀርመናዊ ተመራማሪ ለራሳቸው የዶክትሬት ዲፌንስ ስላይድ ሲያዘጋጁ ነው፤ ከአንድ ወር በኋላ ለሕዝብ የለቀቁት ይህ ሥራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሒሳብና የኮምፒዩተር ሳይንስ ጉባኤዎች ዋና መሣሪያ ሆነ። በ2010 ጥገናውን ጆሴፍ ራይትና ቬድራን ሚሌቲች የተባሉ ባለሙያዎች ተረክበዋል። ለዲፌንስ የሚዘጋጅ ተማሪ ይህን አመጣጥ ቢያውቅ መልካም ነው፤ መሣሪያው የተሠራው በትክክል እሱ ባለበት ሁኔታ ላይ በነበረ ሰው ነውና።

በቢመር የገለጻው መሠረታዊ ክፍል ፍሬም ይባላል። ፍሬም ማለት በአንድ ርዕስ ሥር በግድግዳው ላይ የሚታየው ሙሉ ገጽ ሲሆን አንዱ ፍሬም በደረጃ የሚገለጡ ብዙ ስላይዶች ሊኖሩት ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚጠቅም ለማየት ለአዳማ ሕዝብ በየቀኑ ከሚታየው ነገር መነሣት ይቻላል። ከከተማዋ አጠገብ ካሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው አዳማ 1 እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 34 ተርባይኖች ኖረውት 51 ሜጋ ዋት፣ በ2015 የተጠናቀቀው አዳማ 2 ደግሞ 102 ተርባይኖች ኖረውት 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በነፋስ ውስጥ ያለው ኃይል የሚሰላው የአየሩን እፍጋት፣ የተርባይኑ ክንፎች የሚጠርጉትን ክብ ስፋትና የነፋሱን ፍጥነት ኩብ አባዝቶ ለ2 በማካፈል ነው፤ ኩብ ሲባል ፍጥነቱ በፍጥነቱ ተባዝቶ ውጤቱ እንደገና በፍጥነቱ ሲባዛ ማለት ነው። ይህ ቀመር በአንድ ጊዜ ግድግዳው ላይ ቢወድቅ አድማጩ ይቀበለዋል እንጂ አይረዳውም፤ «ለምን ኩብ ሆነ?» የሚለው ጥያቄም ሳይመለስ ያልፋል።

በቢመር ግን ተናጋሪው መጀመሪያ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በክቡ የሚያልፈውን አየር መጠነ ቁስ ብቻ ያሳያል፤ ይህም እፍጋት ሲባዛ በስፋት ሲባዛ በፍጥነት ነው። ከዚያ ፖዝ የሚለው ትእዛዝ ገጹን ያቆመዋል። ቁልፉ ሲነካ ሁለተኛው መስመር ይወጣል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ጉልበት የመጠነ ቁሱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ቁልፉ እንደገና ሲነካ የመጀመሪያው መስመር በሁለተኛው ውስጥ ይተካል፤ አንዱ ፍጥነት ከመጠነ ቁሱ፣ ሁለቱ ከጉልበቱ መጥተው ሦስት መሆናቸውን አድማጩ በዓይኑ ያየዋል። ኩቡ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ከሁለት ቀላል እውነቶች የተወለደ መሆኑ በዚህች ቅጽበት ይገለጣል። አራተኛው ደረጃ ትርጉሙን ያመጣል፤ የነፋሱ ፍጥነት ከሰከንድ 6 ሜትር ወደ 9 ሜትር ሲያድግ ኃይሉ ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል፣ ስለዚህም ተርባይኑ የሚተከልበት ኮረብታ ምርጫ ከተርባይኑ ግዙፍነት ባልተናነሰ ወሳኝ ነው። ጠንቃቃ ተናጋሪ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በአዳማ አካባቢ አየሩ የሳሳ በመሆኑ የእፍጋቱ ቁጥር ከመጽሐፍ እንዳለ መገልበጥ እንደሌለበት፣ የትኛውም ተርባይን ደግሞ ጀርመናዊው አልበርት ቤትስ ባሳዩት ወሰን መሠረት ከነፋሱ ኃይል ከ59 በመቶ ገደማ በላይ መውሰድ እንደማይችል በሚቀጥለው ፍሬም ያክላል። የተርባይኑን ንድፍ ራሱን፣ ክንፉን፣ የሚጠርገውን ክብና የአየሩን ፍሰት፣ ቲክዚ በተባለው የዚያው የታንታው የሥዕል መሣሪያ በትእዛዝ መሣል ስለሚቻል ሥዕሉ ላይ ያሉት ምልክቶች ከቀመሩ ምልክቶች ጋር በቅርጽም በመጠንም አንድ ይሆናሉ።

ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ፓወርፖይንት አይበቃም ወይ የሚል አንባቢ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። የቅርብ ጊዜ እትሞቹ ቀመር የሚጻፍበት መሣሪያ አላቸው፣ በደረጃ መግለጥም ይችላሉ፤ ፎቶና ቪዲዮ ለሚበዛበት ገለጻም ከቢመር ይቀላሉ። ቀመሩ ሦስትና አራት ብቻ ለሆነ ሰው ላቴክን መማር ትርፉ ከድካሙ ያንሳል። ቀመሩ ሠላሳ ሲሆን፣ የቀመር ቁጥሮች እርስ በርስ ሲጠቃቀሱ፣ የመመረቂያ ጽሑፉም በላቴክ የተጻፈ ሲሆን ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ከጽሑፉ የተወሰደው ቀመር ሳይነካ ስላይዱ ውስጥ ይገባል፣ በጽሑፉ ላይ ትክክል የነበረው ምልክትም በስላይዱ ላይ በግልበጣ ስሕተት አይዛባም። ፈታኝ በአንድ የጠፋ የመቀነስ ምልክት ላይ ሩብ ሰዓት ሊያጠፋ እንደሚችል ለሚያውቅ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታንታው ከመሣሪያው ጋር ያዘጋጁት መምሪያ ስለ ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን ስለ ገለጻ ጥበብም ይመክራል። አንድ ፍሬም ከ20 እስከ 40 ቃላት ቢይዝ፣ ቢበዛ ደግሞ ከ80 ቃላት ባይዘል፣ በደቂቃም ከአንድ ፍሬም በላይ ባይታይ መልካም እንደሆነ ይገልጻል። የቢመር ገጽ ራሱ ይህን ምክር ያግዛል፤ መደበኛ ስፋቱ 128 ሚሊ ሜትር በ96 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ማለትም የፖስት ካርድ ያህል ስለሆነ፣ በተለመደው የመጽሐፍ ፊደል መጠን የተጻፈው ቃል ግድግዳው ላይ ሲሰፋ ትልቅ ሆኖ ይታያል፣ ጸሐፊውም ብዙ ሊያጭቅ ሲሞክር ገጹ ይሞላበታል። ፊደሉን አሳንሶ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን ገጹ ሲሞላ የሚሻለው ሐሳቡን ለሁለት መክፈል ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ ጉዳይ ይነሣል። ቴክ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነበር፤ በአንድ የፎንት ፋይል ውስጥ የሚያስተናግደው 256 ምልክት ብቻ ሲሆን፣ የግዕዝ ፊደል ሰባቱን ቤት፣ ዲቃላዎቹን፣ አኃዙንና ሥርዓተ ነጥቡን ጨምሮ ከዚህ ይበልጣል። ቢሆንም መፍትሔው የመጣው ብዙዎች ከሚገምቱት ቀደም ብሎ ነው። ብርሃኑ በየነ የተባሉ ኢትዮጵያዊ በጀርመን ሐምቡርግ ከማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ከኦላፍ ኩመርና ከዮኼን ሜትሲንገር ጋር ሆነው፣ ኢትቴክ በተባለ ቀዳሚ ሥራ ላይ ተመሥርተው፣ ኢትዮፕ የተባለውን የላቴክ ጥቅል በ1990ዎቹ አዘጋጁ። ጸሐፊው አማርኛውን በላቲን ፊደል ድምፅ በድምፅ ይጽፋል፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ ወደ ግዕዝ ፊደል ይለውጠዋል። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ የግዕዝን ፊደል ገና ባላካተተበት ዘመን በአማርኛ ጽሑፍ መካከል በትክክል የተሰናዳ ቀመር ማተም ተችሎ ነበር ማለት ነው። ይህ ሥራ በአገር ውስጥ በሚገባው መጠን አለመታወቁ ያሳዝናል።

ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ካካተተ በኋላ መንገዱ ቀለለ። ጆናታን ኪው በ2004 ያወጡት ዚቴክ እና ከእሱ በኋላ የመጣው ሉአቴክ ዩኒኮድን በቀጥታ ስለሚያነቡ ጸሐፊው አማርኛውን እንደ ማንኛውም የአማርኛ ጽሑፍ ይተይባል፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከተባሉት ነፃ ፎንቶች አንዱን በአንድ መስመር ትእዛዝ ይመርጣል፣ ቀመሩም በለመደው መንገድ መሐል ይገባል። ለስላይድ ከሁለቱ ኖቶ ሳንስ ይመረጣል፤ አቢሲኒካ የብራና ጽሑፍን ወግ የተከተለ፣ ወፍራምና ቀጭን መስመር የተፈራረቀበት ፎንት ስለሆነ ለመጽሐፍ ቢያምርም በደከመ ፕሮጀክተር ላይ ቀጭኑ መስመር ይጠፋል።

ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በግዕዝ ፊደል አናባቢውን የሚለየው ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት፤ ቡ እና ቢ፣ ሙ እና ሚ የሚለያዩት ያቺ ቅጥያ ከፊደሉ ወገብ ወይም ከእግሩ በመውጣቷ ብቻ ነው። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ለተቀመጠ ሰው ይህች ልዩነት ከጠፋች ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። ስለዚህ የአማርኛ ስላይድ በላቲን ከሚጻፈው አንድ ደረጃ ጎላ ያለ ፊደል፣ ሰፋ ያለ የመስመር ርቀትና ያነሰ ቃል ይፈልጋል፤ የ40 ቃላቱ ምክር ለአማርኛ ወደ 25 ቢወርድ የተሻለ ነው፣ አንዱ የአማርኛ ግስ በሌላ ቋንቋ አራትና አምስት ቃል የሚፈጀውን ይሸከማልና። ላቲን የሚያዘነብለውን ፊደል ለማጉያ ይጠቀምበታል፤ ግዕዝ ግን ይህ ወግ ስለሌለው ፊደሉን በግድ ማዝመም ቅርጹን ያበላሸዋል። የአገራችን ጸሐፍት አጉልተው ሊያሳዩ የፈለጉትን፣ ቅዱሳን ስሞችንና የምዕራፍ መነሻን፣ በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር፤ ቢመርም አለርት በሚባለው ትእዛዙ የተመረጠውን ቃል ሳይነገረው ቀይ ያደርገዋል። በአማርኛ ለሚዘጋጅ ገለጻ ከዚህ የተሻለ ማጉያ መፈለግ አያስፈልግም።

ዲፌንሱ በእንግሊዝኛ የሚካሄድ ሲሆን በአማርኛ ስላይድ መሥራት ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥናት ግን በፈታኞች ፊት አያበቃም። በዶዶታ ወረዳ ስላለው የጎርፍ መስኖ የተሠራ ስሌት፣ ውኃው በቦዩ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚሄድና ደለሉ የት እንደሚተኛ የሚናገረው ቀመር፣ በመጨረሻ መድረስ ያለበት ቦዩን ለሚጠርገው ገበሬና ለወረዳው ባለሙያ ነው፤ ይህም በደራ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ይሆናል። አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ ቢመር ያለ ምንም ተጨማሪ ፎንት ያስተናግደዋል፤ አንዱ ፍሬም በቁቤ፣ ተከታዩ በግዕዝ ፊደል ሆኖ ቀመሩ በሁለቱም ላይ ሳይለወጥ መቀመጥ ይችላል። የሚቀረው ሥራ የቃላት ነው፤ እፍጋት፣ መጠነ ቁስ፣ ላዕልና ታህት የመሳሰሉት ቃላት በመማሪያ መጻሕፍት ቢኖሩም በየአዳራሹ ስለማይነገሩ ለአድማጭ እንግዳ ናቸው፤ ስለዚህ ተናጋሪው መጀመሪያ በወጡበት ፍሬም ላይ ምልክቱን፣ ቃሉንና መለኪያውን ጎን ለጎን አድርጎ ሊያስተዋውቃቸው ይገባል።

የአሠራሩ ችግር አለ። ሙሉው የቴክ ስብስብ ብዙ ጊጋባይት ስለሚመዝን ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ከተማ ማውረዱ ቀናት ይፈጃል፤ ከጫነ ባልደረባ በፍላሽ መቅዳት የተለመደው መፍትሔ ነው። ኦቨርሊፍ የተባለው በድረ ገጽ የሚሠራ አገልግሎት ምንም መጫን አይጠይቅም፣ አማካሪና ተማሪ በአንድ ፋይል ላይ እንዲሠሩም ያስችላል፤ መስመር ሲቋረጥ ግን ሥራው ይቆማል። ትእዛዝ ውስጥ አንድ ቅንፍ ቢጎድል ገጹ አይወጣም፣ ሶፍትዌሩ የሚሰጠው የስሕተት መልእክትም ለጀማሪ ግልጽ አይደለም፤ ከጥቂት መስመር በኋላ ደጋግሞ መሞከር፣ ስሕተቱ በመጨረሻዎቹ መስመሮች ውስጥ እንዳለ ስለሚያሳይ፣ ብዙ ሰዓት ያድናል። በምትኩ የሚገኘው ፋይል ፒዲኤፍ ስለሆነ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ይሄዳል፤ በፓወርፖይንት የተጻፈ አማርኛ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ሳጥን ሳጥን ሆኖ መታየቱ በቢመር አይደርስም። ሃንድአውት የሚለው አማራጭ ሲጨመር ደግሞ በደረጃ የተገለጡት ስላይዶች ሁሉ በየፍሬማቸው ተጠቃለው ስለሚወጡ፣ ለፈታኞች የሚታተመው ቅጂ ከመቶ ገጽ ወደ ሠላሳ ሊወርድ ይችላል።

ከቢመር ጋር የሚመጡት የገጽ መልኮች አብዛኞቹ በከተማ ስም የተሰየሙ ናቸው፤ ታንታው ወይም የሥራ ባልደረቦቻቸው ጉባኤ የተካፈሉባቸው ወይም ለእነዚያ ቅርብ የሆኑ ከተሞች በመሆናቸው በርሊን፣ ማድሪድ፣ ዋርሶ፣ ኮፐንሃገን፣ ፒትስበርግ፣ ሲንጋፖር አሉ፣ ከአፍሪካ ግን አንድም የለም። አዲስ መልክ ለመሥራት የሚያስፈልጉት አራት ክፍሎች ናቸው፤ የቀለም፣ የፎንት፣ የውስጥ አካላትና የዳር ጌጥ። የቀለሙ ክፍል ማጉያውን የብራናውን ቀይ፣ የፎንቱ ክፍል ኖቶ ሳንስን ከጎላ መጠኑ ጋር፣ የውስጡ ክፍል «ንድፈ ሐሳብ»፣ «ማረጋገጫ»፣ «ምሳሌ» የሚሉትን ርዕሶች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢይዝ፣ ተማሪው በየዓመቱ ከባዶ የሚጀምረው ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያልቃል። ይህን አዳማ ብሎ ሰይሞ ለሁሉም መልቀቅ በላቴክ ለሚሠራ አንድ የሒሳብ ወይም የኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው።